ሪፖርቱ በጣም የተጎዳው የቀኝ ላይኛው ሳንባ ነው ይላል፣ ቫልቩን ግን ግራ ላይ እናስገባ አሉን። ለምን?

የአዘዞ_ልጅ፦
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል ታገሱኝ። አባቴ 66 ዓመቱ ነው፣ ድሮ በጎንደር መተማ መስመር ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፣ ኒያላ ሲጋራ ከእጁ አይጠፋም ነበር፣ ካቆመ ግን ቆይቷል። ለብዙ ጊዜ አስም ነው እየተባለ በፓፍ ነው የኖረው፣ በኋላ ነው ስፓይሮሜትሪ አስነፍተውት ሲቲ ተነስቶ ኢምፊዚማ ነው፣ ያውም ከባዱ የተባለው። አሁን ከቤት ወጥቶ ታክሲ መያዣው ጋ ለመድረስ መሀል ላይ ቆሞ አጥር መደገፍ አለበት፣ ሸሚዝ ሲቆልፍ እንኳ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

ጀርመን ያለው ታላቅ ወንድሜ ሲዲውን እዚያ ላሉ የሳንባ ሐኪሞች አሳየልን፣ እነሱም በብሮንኮስኮፒ (ወደ ሳንባ ቧንቧ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) የሚገባ ቫልቭ ሊያግዘው ይችላል አሉ። ከሪፖርቱ የገባኝን ልጻፍላችሁ። ኤፍኢቪ ዋን (በኃይል ሲነፋ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የሚያስወጣው አየር) 29 በመቶ፣ አርቪ 228 በመቶ። የተጎዳው መጠን ቀኝ ላይኛው 67፣ ቀኝ መሀለኛው 38፣ ቀኝ ታችኛው 41፣ ግራ ላይኛው 59፣ ግራ ታችኛው 33 (ሁሉም በመቶ)። ከዛ ደግሞ ፊሸር የሚል አለ፣ ቀኝ ትልቁ 84፣ ቀኝ ትንሹ 61፣ ግራ 98። መጨረሻ ላይ የተመረጠ ቦታ ግራ ላይኛው ይላል።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። አጎቴ የታመመው ቀኙ ሆኖ ሳለ ደህናውን ግራ ምን ሊያደርጉት ነው፣ ሲዲው ተገልብጦ ነው የታየው ይላል። ወንድሜ ዝም ብላችሁ ስሙ ነው የሚለው፣ አባቴ ደግሞ ሁለቱንም ሰምቶ እኔን ነው የሚያየኝ። የሚያውቅ ካለ በናታችሁ አስረዱኝ።

ቆላድባ_በር፦
ወንድሜ አባትህን እግዚአብሔር ይማርልህ ግን እኔ ይሄን ነገር ንግድ ነው የምለው። አንዱ ቫልቭ ብቻ በሺህ ዶላር ነው የሚቆጠረው፣ አንድ ሰው ላይ ደግሞ ሦስት አራት ያስገባሉ፣ ትኬቱ አለ ሆቴሉ አለ። በዛ ብር ኦክስጅን ማሽን ገዝታችሁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢተነፍስ አይሻልም?

ማራኪ_ሐኪም፦
@የአዘዞ_ልጅ ያጎትህ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ እንዳይመስልህ፣ ብዙ ሰው ቫልቩ የታመመውን ቦታ የሚያድን ይመስለዋል። ቫልቩ የሚያድነው ነገር የለም። ኢምፊዚማ ላይ የአየር ከረጢቶቹ ግድግዳ ፈርሷል፣ ሳንባው ይለጠጣል እንጂ አይሰበሰብም፣ ስለዚ አየሩ ይገባል መውጫ ያጣል። አርቪ 228 ማለት አባትህ የቻሉትን ያህል አስወጥተው ደረታቸው ውስጥ የሚቀረው አየር በእድሜያቸውና በቁመታቸው ከሚጠበቀው ከእጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። ያ የታጎረ አየር ድያፍራሙን (ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደታች ገፍቶ አደላድሎታል፣ ደህናውንም ሳንባ ጨፍልቆታል፣ ሸሚዝ ሲቆልፉ የሚያለከልኩት ለዛ ነው።

ቫልቩ ወደ አንድ ሎብ (ላይኛው፣ ታችኛው እንደሚባለው የሳንባ ክፍል) የሚሄዱትን ቧንቧዎች ሁሉ ይዘጋና አየርና አክታ ይውጣ እንጂ አይግባ ይላል። ሎቡ ቀስ በቀስ ይሟሽሻል፣ አጠገቡ ያለው ሎብ ቦታ ያገኛል፣ ድያፍራሙም ወደ ቦታው ከፍ ይላል። እንግዲህ ቦታ የሚመረጠው በዚህ ነው፣ የቱን ብንዘጋው በርግጥ ተዘግቶ ይቀራል፣ ቦታውንስ የሚረከበው ሎብ ደህና ነው ወይ።

አሁን ፊሸር ወደሚለው እንምጣ፣ ቁልፉ እሱ ነው። ፊሸር ሎብን ከሎብ የሚለየው ስንጥቅ ነው፣ በግራ አንድ ነው ላይኛውንና ታችኛውን ይለያል፣ በቀኝ ሁለት ነው፣ ትልቁ ታችኛውን ከሌሎቹ ይለያል፣ ትንሹ ላይኛውን ከመሀለኛው። ብዙ ሰው ላይ ሲፈጠርም ሙሉ አይደለም፣ በተለይ የቀኙ ትንሹ ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ነው። ጎዶሎ በሆነበት ቦታ ሁለቱ ሎቦች ሥጋቸው የተያያዘ ነው፣ አየር ከአንዱ ወደ አንዱ ይሾልካል፣ ኮላተራል ቬንቲሌሽን የሚሉት ይሄ ነው። በራፍህን ጥርቅም አድርገህ ዘግተህ ጭሱ በጎረቤት ግድግዳ ሽንቁር ሲገባብህ ማለት ነው። ቫልቩ በሥርዓቱ ተቀምጦ እያለ ሎቡ ከጎረቤቱ እየተነፋ አይሟሽሽም።

በሲቲ ፊሸሩ ከ95 በመቶ በላይ ሙሉ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከ80 በታች ከሆነ አይሞከርም፣ መሀሉ ላይ ያለው በቻርቲስ ይለያል። ያንተን አባት ተመልከት፣ ቀኝ ላይኛውን ለመዝጋት ሁለቱም የቀኝ ፊሸሮች ያስፈልጉናል፣ ትንሹ 61 ነው፣ አለቀ። አንዳንዴ ትንሹ ጎዶሎ ሲሆን ላይኛውንና መሀለኛውን አንድ ላይ ይዘጓቸዋል፣ ለዛ ግን ትልቁ ሙሉ መሆን አለበት፣ እሱም 84 ነው፣ ያጠራጥራል። ግራው 98 ነው። ላይኛው 59 ተጎድቷል ታችኛው 33፣ ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ ማለትም ቦታውን የሚረከበው ከሚዘጋው በጣም ይሻላል። እኔም ብሆን ግራ ላይኛውን ነው መጀመሪያ የማየው። ሲዲው አልተገለበጠም።

የአዘዞ_ልጅ፦
ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ለአጎቴ በስልክ አነበብኩለት፣ ትንሽ ዝም አለና "ታዲያ ቀኙ እንዲሁ ሊቀር ነው?" አለኝ። እና ቻርቲስ ምንድነው?

ማራኪ_ሐኪም፦
ቀኙ እንዲሁ ይቀራል አዎ። ግን በግራ በኩል ቦታ ከተገኘ የትንፋሽ ጡንቻው በጠቅላላ ስለሚቀለው በቀኙም የሚተነፍሱት ይሻሻላል።

ቻርቲስ ጫፉ ላይ ፊኛ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። ብሮንኮስኮፒው ገብቶ እያለ የሚፈለገው ሎብ ቧንቧ ውስጥ ፊኛውን ይነፉና ቧንቧውን ይዘጉታል፣ ከዚያ ከሎቡ የሚወጣውን አየር ብቻ ይለካሉ። ሎቡ ከጎረቤት የማይቀበል ከሆነ የሚወጣው አየር እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ይቆማል። የሚቀበል ከሆነ ደግሞ መውጣቱን አያቆምም፣ አየሩ ከሌላ ቦታ እየመጣ ነዋ። ከቆመ እዚያው በዚያው ቫልቩ ይገባል፣ ካላቆመ ይወጣሉ። ስለዚ ወደ ብሮንኮስኮፒ ክፍል ገብቶ ያለ ቫልቭ መውጣት እንዳለ አባትህ አስቀድመው ይወቁ፣ ገንዘብ ከፍለን ሳያስገቡ መለሱን ብሎ የሚያለቅስ ቤተሰብ አይቻለሁ።

ራጅ_ክፍል፦
ሰላም፣ እኔ ሲቲ ላይ ነው የምሰራው፣ ስለ ቁጥሮቹ ትንሽ ልበል፣ ሰው ቁጥር ሲያይ ከሰማይ የወረደ ስለሚመስለው። ሲቲ እያንዳንዷን ነጥብ በሃውንስፊልድ ዩኒት ነው የሚለካት፣ ውሃ ዜሮ ነው አየር -1000። ሳንባ ውስጥ ከ-950 በታች የወረደ ነጥብ (አንዳንዱ ማዕከል -910 ይጠቀማል) ሥጋው ጠፍቶ አየር ብቻ የቀረበት ተብሎ ይቆጠራል። 67 በመቶ ማለት እንግዲህ ከዛ ሎብ ነጥቦች ውስጥ 67ቱ ከመቶ ከዛ መስመር በታች ናቸው ማለት ነው። ስለዚ የአንዱን ማዕከል ቁጥር ከሌላው ጋር ስታስተያዩ መስመሩ ስንት ላይ እንደነበር ጠይቁ፣ በ-910 የተሰራው ሁሌም ከፍ ይላል፣ ሰውየው ባሰበት ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

ሌላው ደግሞ ፊልሙ በደንብ ካልተነሳ ፊሸር የሚባል ነገር አይታይም። ወደ 1 ሚሊሜትር የሚጠጋ ስስ ቁራጭ ነው የሚፈለገው፣ ያለ ኮንትራስት (በደም ሥር የሚሰጠው ማቅለሚያ)፣ ሰውየው ትንፋሹን እስከ ጥግ ስቦ ይዞ። ለሌላ ነገር በ5 ሚሊሜትር የተነሳ ሲቲ ይዘው መጥተው ይሄ ይበቃል ወይ የሚሉ አሉ፣ አይበቃም። ትንፋሽ መያዝ ላይ ደግሞ እኛ ጋ ያለው ችግር ታካሚው ቁና ቁና እያለ አልጋ ላይ እንደወጣ ወዲያው "ሳብ፣ ያዝ" ይባላል፣ እንዴት ይያዝ? እኔ መጀመሪያ ኦክስጅን ላይ አሳርፌ፣ ሁለት ሦስቴ አለማምጄ ነው የማነሳው። የተነቃነቀ ምስል ላይ ሶፍትዌሩ ፊሸሩን 84 ይበለው 94 ይበለው ምን ላምነው።

ቆላድባ_በር፦
እሺ ሳይንሱ ይሁን። ግን እኔም አንብቤያለሁ፣ 2010 ላይ የወጣው ቬንት የሚባለው ትልቁ ጥናት ያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው፣ በትንፋሽ መለኪያው 7 በመቶ እንኳ የማይሞላ ልዩነት። ለዚህ ነው ቤት የሚሸጠው?

ማራኪ_ሐኪም፦
ልክ ብለሃል፣ ቬንት 321 ሰው ነበረው፣ በቫልቭና በመድኃኒት ብቻ መሀል ያለው ልዩነት 6.8 በመቶ ነው። ግን ያን ጊዜ ቦታ ሲመርጡ በዋናነት የሚያዩት የቱ ሎብ የበለጠ ተጎድቷል የሚለውን ነበር፣ ልክ ያጎትዬው ሐሳብ ማለት ነው ሃሃ። ፊሸር ሙሉ ይሁን አይሁን ሰው አይለዩበትም ነበር። በኋላ ተመልሰው ሲያዩት ፊሸራቸው ሙሉ የነበሩትና ሎቡ በደንብ የተዘጋላቸው በጣም ተጠቅመዋል፣ የሌሎቹ ምንም አለመጠቀም ነው አማካዩን ያወረደው። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ሰው የሚመርጡት አየር የማይሾልክበትን ለይተው ነው። 2015 ላይ ከኔዘርላንድስ ግሮኒንገን የወጣው ስቴልቪዮ 68 ሰው ብቻ ነው ግን ልዩነቱ ግልጽ ነበር። 2018 ላይ ሊበሬት 190 ሰው ላይ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲያይ ኤፍኢቪ ዋን 15 በመቶና ከዛ በላይ የጨመረላቸው ቫልቭ ካገኙት 47.7 በመቶ ነበሩ፣ ካላገኙት 16.8። በዚያው ዓመት ነው አሜሪካ ዘፊር የሚባለውን ቫልቭ የፈቀደችው፣ ስፓይሬሽን የሚባለው ሌላኛው ቫልቭም ዓመቱ ሳያልቅ ተፈቀደ።

ያው ግን ተመርጠውም ግማሽ ያህሉ እዚያ መስመር አልደረሱም። ቤት መሸጥ ያልከው ላይ መልስ የለኝም።

ሰላም_ከፒያሳ፦
የአጎቴን ልንገራችሁ፣ ህንድ ነው ያስገባው፣ የሱም ግራ ላይኛው ነበር። አራት ቫልቭ። ከገባለት በኋላ ፎቶ ሲነሳ ሳንባው ምንም አልሟሸሸም፣ እኛ በቃ አልሰራም ብለን ተስፋ ቆርጠን ነበር። ከሳምንታት በኋላ ሲቲ ደግመው ሲያዩት ለካ ሊንጉላ ወደሚሏት ወደ ታች ከምትሄደው ቅርንጫፍ ላይ ያለችው ቫልቭ ትንሽ ዘመም ብላ ነው የተቀመጠችው፣ በጎኗ አየር ታስገባለች። አንዷ ብቻ! ሌሎቹ ሦስቱ ጥብቅ ብለው ተቀምጠው በእሷ ምክንያት ሁሉም ከንቱ። ተመልሰው ገብተው እሷን አውጥተው ሌላ መጠን ቀየሩለት። ከዚያ በሁለተኛው ሌሊት ደረቱን ውጋት ያዘው፣ ሳንባው አየር አፍስሷል ተባለ፣ ጎኑን በስተው ቱቦ አስገቡለት፣ በቱቦው ጫፍ ያለው ጠርሙስ ውስጥ ውሃው ሲንቦቀቦቅ እያየን ነው ያደርነው፣ አክስቴ ዓይኗን ከዛ ጠርሙስ አልነቀለችም።

አሁን? ደህና ነው። ኦክስጅን ሌሊት ይጠቀማል ግን ከፒያሳ እስከ ፋሲል ግቢ ሁለቴ አርፎ ይሄዳል፣ ድሮ ከአልጋ ሽንት ቤት ነበር መንገዱ። ቢሆንም ያቺን ሌሊት ድገሚ ብትሉኝ አልደግማትም።

ማራኪ_ሐኪም፦
@ሰላም_ከፒያሳ በጣም ጥሩ ነገር ነው ያነሳሽው። ቦታ መምረጥ ሲባል ሎቡን መምረጥ ብቻ አይደለም፣ ሎቡ ውስጥ እያንዳንዷን ቅርንጫፍ መለካትና መዝጋት አለ። ዘፊር 4 እና 5.5 ሚሊሜትር የሚባሉ ሁለት መጠኖች አሉት፣ ለአጭር ቧንቧ ደግሞ አጠር ያሉ ዓይነቶች አሏቸው፣ ትንሹ ከ4 እስከ 7 ሚሊሜትር ለሰፋ ቧንቧ ነው፣ ትልቁ ከ5.5 እስከ 8.5። ግራ ላይኛው ላይ የቧንቧው አከፋፈል ከሰው ሰው ይለያያል፣ ሊንጉላ ደግሞ አንዳንዱ ላይ አጭርና ጠማማ ናት። አንዲት ቅርንጫፍ ካመለጠች የእሷ አየር ሎቡን ይነፋዋል። ደግነቱ ቫልቩ ይወጣል ይለወጣል፣ የዚህ ሕክምና ትልቁ ጥቅም እሱ ነው፣ በቀዶ ሕክምና የተቆረጠ ሳንባ አይመለስም።

አየር መፍሰሱ (ኒሞቶራክስ) ከሁሉ በላይ የሚያሰጋ ነገር ነው፣ ሊበሬት ላይ ቫልቭ ካገኙት 26.6 በመቶው በመጀመሪያዎቹ 45 ቀናት ውስጥ ገጥሟቸዋል፣ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው። የሚገርመው ሥራው ስለሰራ ነው የሚመጣው፣ ሎቡ ቶሎ ሲሟሽሽ ጎረቤቱ ድንገት ይለጠጥና ይቀደዳል። ግራ ላይኛው ላይ ደግሞ ይበዛል። ለዚህ ነው ቢያንስ ሦስት ሌሊት ሆስፒታል አስተኝተው በየቀኑ ራጅ የሚያነሱት።

@የአዘዞ_ልጅ ይሄን ሳልነግርህ ባልፍ ልክ አይሆንም። በጣም የተጎዳው ሎብ በፊሸር ምክንያት ቀርቶ ሌላ ሎብ ሲመረጥ፣ በዚያ ላይ ቫልቩ የማይገባበት ወገን ሳንባ በጠቅላላ ከ60 በመቶ በላይ የተጎዳ ከሆነ፣ ኒሞቶራክሱ ሲመጣ ከባድ የመሆን አደጋው ከፍ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ግራው አየር አፍስሶ ሲተኛ ሰውየው የሚተነፍሰው በቀኙ ብቻ ነው፣ ቀኙ ደግሞ የባሰበት ነው። ያንተ አባት ልክ እዚህ ሁኔታ ውስጥ ናቸው። አንተ የጻፍከው የየሎቡን ነው፣ የሙሉ የቀኝ ሳንባ ቁጥር ስንት ነው? ሪፖርቱ ላይ መኖር አለበት፣ ከሌለ ወንድምህ ይጠይቅ።

የአዘዞ_ልጅ፦
አሁን ነው ያየሁት፣ ገጹ ታች በትንሹ ተጽፏል። ቀኝ ሳንባ ጠቅላላ 51፣ ግራ 46። እና ዶክተር አሁን አጎቴ "እኔ ያልኩት ነገር ይሄ አይደል" ብሎ ደስ ብሎታል፣ በደንብ ያልገባው መሰለኝ ግን አልተከራከርኩም።

ማራኪ_ሐኪም፦
51 ከሆነ ከመስመሩ በታች ነው፣ ጥሩ። አደጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። አጎትህም ልክ ናቸው እኮ፣ የቀኙ መጎዳት ግራውን ለመወሰን ይቆጠራል።

እማማ_አርባዕቱ፦
ልጆቼ እንደምን አላችሁ። የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። አባትህን አርባዕቱ እንስሳ ይማሩልህ ልጄ፣ ጠበሉንም አትርሱት፣ መድኃኒቱም ጠበሉም የአንድ ጌታ ነው። እኔም ትንፋሽ ያጥረኛል ደረቴ ይጮሃል፣ ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም፣ እድሜ ልኬን እንጨት እያነደድሁ እንጀራ ስጋግር ነው የኖርሁት። ይሄ ቫልፍ የምትሉት ለእኔ ይሆናል?

ማራኪ_ሐኪም፦
እማማ እግዜር ይማርዎት። የማገዶ ጭስ ሳንባ ይጎዳል፣ ሲጋራ ያላጨሱ ስንት እናቶች ናቸው በዚህ የሚመጡት። ግን የጭሱ ጉዳት ብዙ ጊዜ እንደ ሲጋራው የአየር ከረጢቱን አያፈርስም፣ ይልቅ ቧንቧዎቹን ነው የሚያጠበውና የሚያቆስለው። ቫልቩ ደግሞ የፈረሰ ሎብ ለተነፋበት ሰው ነው፣ ስለዚ አብዛኛውን ጊዜ ለእርስዎ ዓይነቱ አይሆንም። ለእርስዎ የሚሆነው በፓፍ የሚወሰደው መድኃኒት በሥርዓቱ መወሰዱ ነው፣ ከጭሱም መራቅ። መጀመሪያ ግን ስፓይሮሜትሪ ይንፉ፣ አክታም ይመርመሩ፣ ድሮ የሳንባ ነቀርሳ ታመው ከነበረ ለሐኪሙ ይንገሩት። ጠበሉን ሲሄዱ ፓፉን ይያዙ፣ እዚያ ብርዱ ይከብዳል። መጋገሩን ደግሞ ለልጆቹ ይተዉት።

እማማ_አርባዕቱ፦
ተባረክ። ልጆቹ የሚጋግሩትማ አይን የለው።

ራጅ_ክፍል፦
ነቀርሳ ካነሳችሁ አይቀር እሱም ቦታ መምረጡ ላይ ይገባል። እኛ አገር ላይኛው ሳንባ ላይ የድሮ ቲቢ ጠባሳ ያለው ሰው ብዙ ነው። ጠባሳው ሎቡን ከደረት ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል፣ የተጣበቀ ሎብ ሲሟሽሽ ይጎትታል ይቀደዳል። በዚያ ላይ ሶፍትዌሩ የጠባሳ መስመርን ፊሸር አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል፣ ስለዚ ቁጥሩን ያየ ሰው ምስሉንም በዓይኑ ማየት አለበት። ቧንቧዎቹ የሰፉና አክታ የሚቋጥሩ (ብሮንኬክታሲስ) ከሆኑ፣ ወይም ደግሞ የደረቱን ግማሽ ጎን ሲሶ የያዘ ትልቅ የአየር ከረጢት ካለ ቫልቭ አይደረግም። የአዘዞ ልጅ፣ አባትህ ቲቢ ታመው ያውቃሉ?

የአዘዞ_ልጅ፦
አያውቅም፣ አክታ ሁለቴ ተመርምሯል ነፃ ነው።

ፊዚዮ_ጎንደር፦
ማንም ያላነሳው ነገር ላንሳ። ቫልቩ ከመግባቱ በፊት የእግር ልምምድ ያስፈልጋል፣ ብዙ ማዕከል ያለሱ አይቀበልም። በስድስት ደቂቃ ውስጥ ስንት ሜትር እንደሚሄዱ ይለካል፣ ከ100 ሜትር በታች ከሆነ በጣም ደክመዋል ይባላል፣ ከ450 በላይ ከሄዱ ደግሞ ለጊዜው አያስፈልግዎትም ይባላል። ጎንደር መቼም ሜዳ የላትም፣ ዳገት ላይ አትጀምሩ፣ ግቢ ውስጥ ይሁን፣ ሲራመዱ በአፍንጫ ስበው ከንፈራቸውን አሹለው ቀስ ብለው ያውጡ፣ ከሳቡበት ጊዜ እጥፍ ይሁን ማውጫው። ብዙ ሰው ሲያጥረው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይስባል፣ አየሩ ሳይወጣ በላዩ ላይ ይጨምርበታል።

ሲጋራ ቢያንስ ከአራት ወር በፊት የቆመ መሆን አለበት፣ አንዳንዱ ማዕከል በደም ነው የሚያጣራው። ኒኬል ወይም ሲሊኮን የሚቆጣቸው ከሆነም ይናገሩ፣ ቫልቩ የተሰራው ከነሱ ነው።

ሰላም_ከፒያሳ፦
አውሮፕላኑስ? አጎቴን ሲመለስ ብዙ አቆይተውታል።

ፊዚዮ_ጎንደር፦
አየር ካፈሰሰ በኋላ ራጅ ላይ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ ታይቶ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳያልፍ አይበረርም፣ የቀረ አየር ካለ ከፍ ሲባል ይሰፋል። ስለ ኦክስጅኑ ግን ሰው አውሮፕላኑን ብቻ ነው የሚፈራው፣ የአውሮፕላን ውስጥ አየር ቢበዛ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ነው የሚሳሳው፣ ጎንደር እኮ ራሷ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አባትህ ያን ያህል በሳሳ አየር ውስጥ ነው ቡና የሚጠጡት። ስለዚ እዚያ ጀርመን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ኦክስጅናቸው 94 አሳየ ብላችሁ ማሽኑን እንዳትመልሱት፣ አዘዞ ሲገቡ ይወርዳል። የመመለሻውን ኦክስጅን መጠን እዚህ ሆናችሁ ነው የምትለኩት።

ቆላድባ_በር፦
እሺ አንድ ነገር ብቻ፣ በቻርቲስ ግራውም ሾላካ ነው ከተባለስ? ያን ሁሉ መንገድ ሄደው?

ማራኪ_ሐኪም፦
ፊሸሩ 98 ስለሆነ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም፣ ግን ከሆነ ቫልቭ የለም። ያኔ የቀዶ ሕክምናው ወሬ ይነሳል፣ እሱ ፊሸር አይፈልግም፣ በ2003 የወጣው ኔት የተባለው ጥናት 1,218 ሰው ላይ እንዳሳየው ላይኛው ሳንባቸው የባሰ ሆኖ የመሥራት አቅማቸው የወረደ ሰዎች ናቸው በእድሜም የተጠቀሙት። አባትህ እዚያ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ፣ ኤፍኢቪ ዋንም ከ20 በላይ ነው። ሊገቡ ይችላሉ ያልኩት የጋዝ ልውውጣቸውን (ዲኤልሲኦ) ስላልነገርከን ነው፣ እሱ ከ20 በታች ከሆነ ለቀዶው አደገኛ ነው፣ ለቫልቩም ብዙዎቹ አይቀበሉም። ወንድምህ ሦስት ነገር ይጠይቃቸው፣ ዲኤልሲኦ ስንት ነው፣ የልብ ኢኮ ላይ የሳንባ ደም ግፊት አለ ወይ፣ የደም ዝውውር ስካን ግራ ላይኛው ላይ ምን ያሳያል። ግራ ላይኛው ደም ብዙ የማይደርሰው ከሆነ እሱን መዝጋት ምንም አያስቀርባቸውም፣ ብዙ ደም የሚያልፍበት ከሆነ ግን እንደገና ማሰብ አለ።

የአዘዞ_ልጅ፦
ሦስቱንም አሁን ላክሁለት። የደም ዝውውር ስካኑ አልተሰራም አለ፣ እዚያ ሲመጣ እንሰራዋለን ብለዋል። አባቴን ደግሞ ማታ ቁጭ አድርጌ እጄን እንደ ሳንባ ዘርግቼ የቱ እንደሚዘጋ የቱ እንደሚቀር አሳየሁት፣ "እና ጠዋት ገብተው ማታ ሳያስገቡ ሊመልሱኝም ይችላሉ ነው የምትለው?" አለኝ፣ አዎ አልኩት፣ "ይሁን፣ ካላመነበት አያስገባ" አለኝ። አጎቴም ተስማምቷል፣ እሱ ግን ኢኮውን እዚሁ እናሰራ እያለ ነው።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ፣ ሲዲውን በፖስታ ነው የላክነው፣ አሁን እንደገና አንሱ ካሉን እዚህ የሚነሳው ይበቃል ወይስ እዚያው ይሻላል? ራጅ ክፍል አንተ ትለኛለህ።

ራጅ_ክፍል፦
ቫልቩን የሚያስገቡት እነሱ ከሆኑ እዚያው ይነሳ፣ በራሳቸው ማሽን የለመዱት ይሻላል። ከመሄዱ በፊት ካሉ ግን እዚህም ይቻላል፣ ለቴክኒሻኑ "ያለ ኮንትራስት፣ ስስ ቁራጭ፣ ሙሉ ትንፋሽ ተስቦ" ብለህ በወረቀት ጽፈህ ስጠው፣ የፊልሙን ወረቀት ሳይሆን ሲዲውን ተቀበል፣ ሲዲው ውስጥ ስሱ ቁራጭ መግባቱን እዚያው አስከፍተህ እይ፣ ብዙ ጊዜ ወፍራሙን ብቻ ጽፈው ይሰጣሉ። ሁለት ኮፒ አስገልብጥ፣ አንዱ እናንተ ጋ ይቅር።